ለአንድ ብሬከር ይሄ ሁሉ መከራ?

አራት ኪሎ ያለው ግቢያችን ውስጥ ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። «ማነው ምድጃ የሰካው?» ይባላል፣ አንዱ ይነቀላል፣ ብሬከሩ በጣት ወደ ላይ ይመለሳል። አለቀ። የብሬከር ሥራው እኮ ይሄ ነው፤ ሽቦው ሳይቃጠል መስመሩን መቁረጥ።

ታዲያ ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ ውስጥ ብሬከር የሌለው ለምንድነው?

ጌሙን ለማታውቁት፦ አስትሮይድ ሆድ ውስጥ ቤዝ ትሠራላችሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየሩም ውሃውም በመብራት ኃይል ነው የሚንቀሳቀሰው። ተራው ሽቦ 1 ኪሎዋት ይሸከማል፣ ኮንዳክቲቭ የሚባለው 2። ወፍራሙ 20 ይችላል፤ ግን ያለ መገጣጠሚያ ግድግዳ አያልፍም፣ ያለፈበትንም ቦታ ያስጠላል። እስከዚህ ቅሬታ የለኝም። ሽቦ አቅም አለው፣ ልክ ነው።

የሚያንገበግበኝ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ከወፍራሙ ሽቦ ኃይል ተቀብሎ በልክ ወደ ቀጭኑ የሚያሳልፈው ዕቃ። ትንሹ 1 ኪሎዋት ብቻ ያሳልፋል። ከተራ ሽቦ ጋር ስትገጥሙት ጭነቱ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ዕቃዎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ እንጂ ሽቦው ይተርፋል። ግሩም! ትልቁስ? 4 ኪሎዋት። 4 ኪሎዋት የሚሸከም ሽቦ ግን ጌሙ ውስጥ የለም! ከ2 ቀጥሎ 20 ነው። ለየትኛው ሽቦ ነው ታዲያ የተሠራው? ጀማሪ ሰው «ትልቅ» የሚለውን አይቶ ኮንዳክቲቭ ሽቦ ላይ ይገጥመዋል። ሁለት አኳቱነር (ፈሳሽ ማቀዝቀዣ) ይሰካበታል። አንዱ 1,200 ዋት፣ ሁለቱ 2,400። ትራንስፎርመሩ ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ሽቦው ይቃጠላል።

በዚያው መስመር ላይ ኤሌክትሮላይዘር (ከውሃ ኦክስጅን የሚያወጣው) እና የጋዝ ፓምፕ ካሉ ደግሞ ኦክስጅንም ቆመ ማለት ነው። ጠጋኙ ዱፕ (የቤዙ ነዋሪ) ተኝቷል። ሲነሳ መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ምግብ። ተንቀርፍፎ ደርሶ ጠግኖ ዞር ሲል፣ ጭነቱ ያው ስለሆነ ሌላ ቦታ ይቃጠላል። አንጀቴ ያርራል!

«ዋቴጅ ሴንሰርና ፓወር ሻትኦፍ አለልህ» የምትሉኝ አላችሁ። ሞክሬዋለሁ። ሴንሰሩ ጭነቱን ይለካል፣ ሻትኦፉ መስመሩን ይቆርጣል። መስመሩ ሲቆረጥ ጭነቱ ዜሮ ይሆናል። ሴንሰሩ ሰላም ወረደ ብሎ መልሶ ይከፍተዋል። ይቆርጣል፣ ይከፍታል፣ ይቆርጣል። ተቆርጦ እንዲቆይ ሜሞሪ ቶግል (የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቆይ ዕቃ) መጨመር የግድ ነው። ለአንድ ብሬከር ሦስት ዕቃ፣ የአውቶሜሽን ሽቦ፣ በዚያ ላይ ሪሰርች! ብዙዎቻችን የምናደርገው ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ይሠራል፤ ግን ቦታ ይበላል። ትልቁም ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

«ጌም ነው፣ ምን ያናድዳል?» አትበሉኝ። ይሄ ጌም የድንጋይ ከሰል ጄኔሬተር የሚተፋውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት ሳይቀር የሚያሰላ ነው። እዚያ ድረስ የተጨነቀ ሰው ማንኛውም ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ዕቃ እንዴት ይረሳል? እ.ኤ.አ. በ2019 ሙሉ ሆኖ የወጣ ጌም እኮ ነው! ስንት ማሻሻያ መጥቷል፣ ስንት ነገር ተጨምሯል።

ወይ ብሬከር ጨምሩልን፣ ወይ ትልቁን ትራንስፎርመር 2 ኪሎዋት አድርጉት፣ ወይ 4 የሚችል ሽቦ አምጡ። ከሦስቱ አንዱ ይበቃኛል።