የኦራዱር ፍርስራሽ፦ ይጠገን ወይስ ይተው?

ኦራዱር ሱር ግላን በፈረንሳይ፣ ከሊሞዥ ከተማ አቅራቢያ ያለች የገጠር መንደር ናት። ጁን 10 ቀን 1944 የናዚ ኤስ ኤስ ወታደሮች 643 ሰው ፈጁባት። ወንዶቹን በየጎተራውና በየጋራዡ ረሸኑ። ሴቶቹንና ሕፃናቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘግተው አቃጠሉ። የያኔው የፈረንሳይ መሪ ጄኔራል ዴጎል ፍርስራሹ እንዳለ ይቆይ አሉ፤ በ1946 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። አዲሱ መንደር አጠገቡ ተሠራ። ጣሪያ አልባውን ግድግዳ ግን ዝናብና ውርጭ እየበላው ነው።

ይጠገን ባይ፦ የትራም ሐዲዱ እስካሁን አለ። የዛገ መኪና ቆሟል። ፍርስራሹ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ይታያል። እዚያ የገባ ሰው ቁጥር ሳይሆን ሰፈር ነው የሚያየው። ከእልቂቱ ከተረፉት የመጨረሻው ሮበርት ኤብራስ በ2023 አረፉ። ከእንግዲህ «እኔ እዚያ ነበርኩ» የሚል የለም። ግድግዳውም ከተናደ ምን ቀረን?

ይተው ባይ፦ ወዳጄ፣ የቱን ግድግዳ ነው የሚሉት? የተቃጠለውን ወይስ እንዳይናድ እየተለሰነ የኖረውን? ሣሩ ይታጨዳል፣ አረሙ ይነቀላል። ፍርስራሽ ሲያምርበት ደግሞ ያስፈራል! ይልቅ የሕዝቡን ነገር እንይ። በ1953 ቦርዶ ላይ ገዳዮቹ ሲዳኙ፣ ጀርመን በጦርነቱ ከያዘችው የፈረንሳይ ግዛት ከአልሳስ በግዳጅ ለጀርመን የዘመቱ 13 ሰዎች ተፈረደባቸው። ፓርላማው ወዲያው ምሕረት አደረገላቸው። የሟች ቤተሰቦች በገኑ። መንግሥት ያሠራውን የአፅም ማረፊያ አንፈልግም ብለው አፅሙን በራሳቸው መቃብር ስፍራ አኖሩ። ሐዘኑ ያለው እዚያ ነው። ፍርስራሹ የመንግሥት ንብረት ነው። ለጎብኚው በ1999 የተከፈተው የመታሰቢያ ማዕከል ይበቃዋል።

ይጠገን ባይ፦ ያነሱት ነገር እኮ እኔን ነው የሚያግዘኝ። መንግሥት አንዴ በምሕረት አለፈው። አሁን ደግሞ ባለንብረቱ ራሱ ግድግዳውን ለዝናብ ቢለቅ ሁለተኛ ምሕረት ነው፤ ያውም ማንም ሳይፈርምበት። ተለስኗል ላሉት፣ አዎ ተለስኗል። ሳይለሰን ዘመን የተሻገረ ግንብ የት አለ?

ይተው ባይ፦ እሺ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ልተውልዎ። ሴቶቹና ሕፃናቱ ያለቁበት ነው፤ ይጠገን። የየሱቁና የየጋራዡ ግድግዳ ሁሉ ግን ገንዘብ የሚፈስበት ምን ስለሆነ ነው?

ይጠገን ባይ፦ ወንዶቹ የተረሸኑት እኮ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው።