ውዳሴ ተሳቢ

የባሕር ዳር ሰው ትሑት ነው። የሠራውን ጉድ ራሱ አያወራም። ስለዚህ እኔ ላውራለት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአባይ ማዶ ወደ ከተማ በብስክሌቴ ስመጣ አንዲት ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ጀልባ ስትጎትት አየሁ። የብረት ጀልባ ነው። ከእሷ ይረዝማል። ተሳቢው የሰፈር ብየዳ ቤት ልጅ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ከመኪናዋ ጋር ያያያዘው አንድ ብሎን ነው፤ በላዩ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ የናይለን ገመድ። ሌላ አገር ቢሆን ሁለት ሰንሰለት አመሳቅለው ከሥር ያስሩ ነበር፤ ማያያዣው ቢላቀቅ የተሳቢው አፍንጫ አስፋልት እንዳይወጋ። የእኛ ሹፌር መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ ሰቅሏል። ሰንሰለት ምን ይጨምርለታል?

አጫጫኑማ ልዩ ነው። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከተሳቢው ጎማ ፊት ይሁን ይባላል። ከጠቅላላው ክብደት ደግሞ 10 በመቶ አካባቢው ማያያዣው ላይ ይረፍ። ተሳቢው ከነጭነቱ 500 ኪሎ ከሆነ 50 ኪሎ ማለት ነው፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። ይሄ ለፈሪ ነው። የጀልባው ሞተር ጭራው ላይ ነው። እሱ አጠገብ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ተቀመጠ። ጀሪካኑ ላይ ረዳቱ ተቀመጠ። የቪትዟ ኋላ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ለታላቅ ሰው እጅ የምትነሳ ነው የምትመስለው። እንዲህ ያለ ሥነ ምግባር ከየትኛው መኪና ይገኛል?

ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲያገኝ ይወዛወዛል። ይሄን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እንግዲያው በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድያችንን አስቡት። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር። ይሄ ሁሉ ስፋት ለምን ይመስላችኋል? ተሳቢ እስክስታ እንዲመታበት ነዋ! ጀልባው ድልድዩ መሃል ሲደርስ ትከሻውን ግራ ቀኝ መስበቅ ጀመረ። ጎጃሜ አይደል።

ሹፌሩ ጭፈራውን ሊያስቆም ፍሬን ረገጠ። ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ቢይዝ ኖሮ ቀስ እያለ ይረጋለት ነበር። ግን ማን ይጠብቃል? ጀልባው ቪትዟን በጎን ሊቀድማት ሞከረ። ከኋላ የነበረው ባጃጅ ሽሽቱን ወደ ጠርዙ አደረገ። እኔ ከብስክሌቴ ወርጄ እንደ ጨዋ ሰው ጥጌን ያዝኩ።

ስቶፕ መብራት የለውም ብላችሁ ደግሞ እንዳታሙት። ረዳቱ አለ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ረዳቱ «ቆመ! ቆመ!» ይላል። ግራ ሲታጠፍ ግራ እጁን ይዘረጋል። ቀን ቀይ ፌስታል ያውለበልባል፣ ማታ የሞባይሉን መብራት ያበራል። አምፖል ይቃጠላል። ረዳት ቢበዛ ጉንፋን ቢይዘው ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዋናው ጥበብ መጣ። (አዎ፣ ተከትያቸው ሄድኩ። ቅዳሜ ነው አልኳችሁ።) ተሳቢ ይዞ ወደኋላ መሄድ መሪውን በተቃራኒ ማዞር ይፈልጋል። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። እጃችሁን ከመሪው ሥር ብትይዙ ደግሞ እጃችሁ ወደሄደበት ይከተላችኋል። ይሄን ሹፌሩ ቢያውቀው ኖሮ አሥራ አንድ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር። አሣ ጠባሹ፣ ሊስትሮው፣ ሙሽሮች ሊያነሳ የመጣው ፎቶ አንሺ፣ ሁሉም መምህር ሆነ።

«ግራ ስበረው!»

«ኧረ ቀኝ ነው! ቀኝ!»

«ና! ና! ና! ... በቃ! በቃ አልኩህ እኮ!»

ከሁሉ የጎላው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነበር። ጠጋ ብዬ፣ «አባቴ፣ መኪና ይነዱ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ? የታንኳ ሰው ነኝ እንጂ።»

«ታንኳውንስ በምን ያመጡታል?»

«በምን አመጣዋለሁ፣ ተሸክሜ ነዋ!» ብለው ገላመጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ «ግራ! ግራ ስልህ!»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጀልባው ውኃ ነካ። ቪትዟ ልትከተለው ስትል ረዳቱ ደረሰላት። አራት ትልልቅ ድንጋይ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ አንድ። እንዲህ ያለ ፍሬን ዘይት አይጠይቅም፣ ሸራው አያልቅም፣ ጋራዥ አይገባም።

ጀልባው ሲንሳፈፍ ተጨበጨበ። ቪትዟ ባዶ ተሳቢዋን እያንኳኳች ሄደች። ድንጋዮቹ ግን እዚያው መንገዱ ላይ ቀሩ፤ ለሕዝብ አገልግሎት መሆኑ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ ባጃጅ አገኛቸው። ሹፌሩ ወርዶ የፊት ጎማውን ሲያይ በዚያ በኩል አለፍኩ። ብዙ ነገር ይናገራል። የሚያመሰግን መሰለኝ።