ቮይስ ለሚያካፍሉን ለጋሶች

ባለፈው ሐሙስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ደግ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። አልተዋወቅንም። የቤተሰቡን ጉድ ግን አንድ ሳይቀር አውቄ ወረድኩ።

ታውቋቸዋላችሁ። ቮይስ ሲገባላቸው ላውድ ላይ የሚለቁት። ስልኩን ጆሮ ላይ ጠጋ ቢያደርጉት ለብቻቸው ይሰሙታል፤ ግን አይሰስቱም። ብቻውን የማይበላ የወሎ ሰው እንዴት ቮይስ ብቻውን ይስማ?

የዋትስአፕ ሰዎች ምቾትና ምስጢርን ለማስታረቅ ሲደክሙ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 2016 ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው ራሱ እንዳይሰማ አድርገው መልእክቱን ቆለፉት። በ2023 ደግሞ አንዴ ብቻ የሚሰማ ቮይስ አመጡ። የኛ ሰው ያቺን አንዴ ለሚኒባስ ያስቀምጣታል።

ጎረቤቴ ስልኩን ሲከፍት የሚስጥር ቁጥሩን በመዳፉ ከለለ። ጥንቃቄው ደስ አለኝ። ከዚያ የእህቱን የአራት ደቂቃ ቮይስ ለቀቀው። ባሏ የዕቁቡን ብር የት እንዳደረሰው አይታወቅም። ከኋላ የተቀመጡ እናት «አብሽሪ ልጄ» አሉ፣ ለስልኩ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ባልየውን ይረግማል። ሾፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት እየጠመዘዘ «እስቲ ከፍ አርገው» አለ። ሁለተኛው ቮይስ ገባ። ብሩ ለካ ለእናቱ ሕክምና ነው የወጣው! መኪናው ለሁለት ተከፈለ፤ የቀኙ ወንበር ከባል፣ የግራው ከሚስት። ሐረጎ ወራጅ የነበረ ሰውዬ ሦስተኛውን ሳልሰማ አልወርድም ብሎ እስከ ኮምቦልቻ ጨምሮ ከፈለ። ሦስተኛው ገባ። «ይሄን ለማንም እንዳትነግር» ትላለች። ሁላችንም እሺ አልን።

እያለቀሰች ነበር እኮ። ያለቀሰችው ለወንድሟ ነው፤ ለኔ አይደለም፣ ለረዳቱም አይደለም። የራስህን ገመና ከፈለግክ ገበያ አውጣው። የሷን ማን ሰጠህ? እኛስ ምን ሆነን ነው «ዝጋው» የሚል አንድ ሰው የጠፋው?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

መናኸሪያው ስንደርስ መልስ መጻፍ ጀመረ። በድምፅ አይደለም፤ በጽሑፍ፣ ስክሪኑን በእጁ ጋርዶ። ዓይኔን ጣል ባደርግ ገላመጠኝ።

«ወንድሜ፣ የሰው ስልክ አይታይም!»