ቁጥሩን ማን ላጠው አለህ!

ወላሂ አናቴ ሊፈነዳ ነው! የእህቴ ልጅ የፊልም ሆልደሮቼን፣ የትልቁ ካሜራዬ ፊልም ከብርሃን ተከልሎ የሚቀመጥባቸውን መያዣዎች፣ "አጸዳሁልህ" ብሎ ቁጥር የጻፍኩበትን ፕላስተር በሙሉ ልጦ ጠበቀኝ። አንዱ ሆልደር በሁለት ፊቱ ሁለት ፊልም ስለሚይዝ ነው እኮ 3ሀ፣ 3ለ እያልኩ የምጽፍበት፣ ደብተሬ ላይም 3ለ የጦሳ ተራራ ጉም ነው፣ ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጥላው ልዩነት) የሞተ ስለሆነ ዴቨሎፐር፣ ማጠቢያው ኬሚካል፣ ውስጥ ረዘም ብሎ ይቆይ ብያለሁ፣ ሌላው በኖርማል ሰዓቱ ይወጣል። አሁን የትኛው የቱ ነው? የዳርክ ስላይዱ፣ የሆልደሩ ተንሸራታች ክዳን፣ ነጭና ጥቁር ጠርዝ ፎቶ የተነሳበትን ፊልም ካልተነሳበት ነው የሚለየው፣ ጦሳን ከሰኞ ገበያ አይለይልኝ! ከፍቼ እንዳላይ ይቃጠላል፣ ጨለማ ውስጥ ብዳብስ የፊልሙ ጥግ ላይ ተቆርጦ የተሠራው ጥርስ የፊልሙን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። ፊልሙ ደግሞ ፒያሳ ወርደህ የምትገዛው ነገር አይደለም። ጭራሽ "አብሽር፣ ሌላ ፕላስተር እለጥፍልሃለሁ" ይለኛል፣ ምን ብለህ ልትጽፍበት!