«ለጨዋታ ነው እኮ» ለምትሉኝ ሁሉ

የሆዴን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ኪሞኖ፣ የጃፓንን ባህላዊ ልብስ፣ እየሰፋሁ ነው፣ ለላርፕ። ለማታውቁት፣ ላርፕ ማለት ሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ፣ እንደዚያ ለብሶ፣ ሜዳና ጫካ ውስጥ ታሪኩን የሚኖርበት ጨዋታ ነው። ተመልካች የለውም፣ ሁሉም ተጫዋች ነው። እዚህ ጀርመን ብዙ ወዳጅ አለው። ብሮኬሎ የምትባል የገጠር መንደር አጠገብ ሲደረግ በሺህ የሚቆጠር ሰው ድንኳን ተክሎ ለቀናት ይሰነብታል። የኔዋ ገጸ ባሕርይ አገር ለአገር የምትዞር መድኃኒት ሻጭ ናት። ጌሻ፣ ማለትም በሙዚቃና በጭፈራ እንግዳ የምታጫውት የጃፓን ሴት፣ አይደለችም። ኪሞኖ ባልኩ ቁጥር «ጌሻ ልትሆኚ ነው?» አትበሉኝ። በጃፓን ገበሬውም ነጋዴውም የለበሰው ልብስ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ለጨዋታ ነው እኮ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» የሚለው ነው። ጓደኛ ይለዋል። ጨርቅ ሻጯ ሳትቀር ትለዋለች። አክስቴ በስልክ «ልጄ፣ ለጨዋታ ብለሽ ዓይንሽን ታጠፊያለሽ?» ትለኛለች፤ እሷስ ለኔ አዝና ነው። ለጨዋታ ስለሆነ እኮ ነው የምጨነቀው! የመድረክ ልብስ ሁለት ሰዓት ተለብሶ ይሰቀላል። የላርፕ ልብስ ዝናብ ይወርድበታል፣ ጭቃ ይነካዋል፣ እሾህ ይይዘዋል፣ ማታ እሳት ዳር ይቀመጣል።

ጨርቅ ቤት ገብቼ ለኪሞኖ ነው ስል ቶሎ የሚዘረጋልኝ ዘንዶ የታተመበት የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ሳቲን ነው። ፖሊስተር የእሳት ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማን ነው ይህንን ለብሶ እሳት የሚሞቀው? ጥጥ ስጡኝ ስል ደግሞ «ኪሞኖ ሐር ነገር ነው የሚፈልገው» እባላለሁ። ድሮ በጃፓን፣ በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን)፣ ገበሬ ሐር እንዳይለብስ ይከለከል ነበር፤ ልብሱ ጥጥና የቃጫ ጨርቅ ነበር። «የኪሞኖ ፓተርን» ተብሎ የሚሸጠው የመቁረጫ ልክም አብዛኛው ከሻወር ስንወጣ የምንደርበው ጋውን ነው። ብብቱ ላይ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ እጅጌ ካያችሁ፣ ኪሞኖ አይደለም።

«ቀጥ ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ ቀላል ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። የጃፓኑ ጨርቅ ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ጥቅል ላይ አራት ማዕዘን ቁራጮች ይወጣሉ፤ ለአካሉ፣ ለእጅጌው፣ ለፊት መደራረቢያው፣ ለኮሌታው። ጨርቁ ጠባብ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ከሽመናው የተዘጋ ነው፣ ክሩ አይመዘዝም። እኔ የምገዛው ግን ወርዱ 140 ነው። ስቆርጠው ጠርዙ ሁሉ ይተረተራል። እያንዳንዱን ጠርዝ አጥፌ ልሰፋ ነው። ሥራው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ኮሌታውማ ለብቻው ነው። አንድ ረጅም ቁራጭ ከአንዱ ደረት ተነስቶ፣ ማጅራት ዞሮ፣ በሌላው ደረት ይወርዳል። ያንን ቀጥ ያለ ቁራጭ ከአንገቱ ቀዳዳ ጋር ማስማማት ላብ በላብ ያደርጋል። ጥጉ ላይ ጨርቁ ትንሽ ከተጨማደደ ኮሌታው አንገት ላይ አይተኛም። ፈትቶ እንደገና ነው። «ማሽን አለሽ አይደል?» ይሉኛል። ግን ኪሞኖ ድሮም በእጅ የሚሰፋው ሊታጠብ ሲል ተፈትቶ፣ ቁራጮቹ ተወጥረው ደርቀው፣ እንደገና ስለሚገጣጠም ነው። እጅጌዬን ቅርንጫፍ ቢይዘው ስፌቱ ይለቃል፣ ጨርቁ ግን አይቀደድም።

ጌጡስ? «አበባ በሙጫ ለጥፊበት» ይሉኛል፣ በመጀመሪያው ዝናብ እንዲረግፍ። እኔ ሳሺኮ ነው የምሠራው። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ወፍራም የጥጥ ክር የሚሠራ ጥልፍ ነው። መስመሩን በሳሙና አሰምራለሁ፣ መርፌውን እኩል እኩል አስገባለሁ አስወጣለሁ። ክሩ ትንሽ ከከረረ ጨርቁ ይሰበሰባል። ስለዚህ አንድ መስመር ባለቀ ቁጥር በአውራ ጣቴ እየገፋሁ አላላዋለሁ። የመረጥኩት ንድፍ የኮከብ መልክ ያለው የሄምፕ (ቃጫ የሚወጣለት ተክል) ቅጠል ነው። ሄምፕ ቶሎና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ጃፓኖች ልጁ እንዲጠነክር ብለው የሕፃን ልብስ ላይ ያደርጉታል። መድኃኒት ይዛ ለምትዞር ሴት ከዚህ የሚስማማ የለም።

አለባበሱም አለ። የግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። እ.ኤ.አ. በ719 በጃፓን በአዋጅ የተደነገገ ነው። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አልባሳት ማሸጊያ ላይ ግን ሞዴሏ እንደ ሬሳ ለብሳ ትስቃለች። ሻጩን ብነግረው «ማን ያውቃል?» አለኝ።

የኛን ጥለት ፋብሪካ ፖሊስተር ላይ አትሞ ሲሸጠው እኮ ሁላችንም እንንገበገባለን። «የሸማኔውን ጉሮሮ ዘጉት» እንላለን። ታዲያ የሌላው ሰው ልብስ ሲሆን «ማን ያውቃል» ከየት መጣ? የሰፋው ያውቃል። አያቱ የለበሰችው ሰው ያውቃል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም «ለኔም አንድ ስፊልኝ» የምትሉ አትጠፉም። እሺ። ጥጥ ግዙ፣ አጥባችሁ ተኩሳችሁ አምጡ፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ፣ በኋላ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይለቃል። ጊዜ ስጡኝ። የእጄን ዋጋም ቁጭ አድርጉ።