ቅጠል እኮ ነው!

ስለ ካናቢስ (ጋንጃ) «ቅጠል እኮ ነው፤ ምን ያደርጋል?» የምትለዋን አባባል ያፈለቀው ሊቅ ሐውልት ይገባዋል። (በእርግጥ የሚጨሰው በአብዛኛው የሴቴዋ ካናቢስ አበባ ነው። ሊቅ ግን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር አይጨነቅም፤ ሳማም ቅጠል ነው።) አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ፤ የዘመኑ ጠቢባን ቅጠሉን ራሱን አቃጥለው ተገላገሉ።

አሳሳባቸውን ተመልከቱልኝ! ጭሱን ይምጉና ዓይናቸው እስኪፈጥ ትንፋሻቸውን አፍነው ይይዛሉ። የሚያጦዘው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ አብዛኛው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሳንባ ወደ ደም ገብቷል። የተረፈው ትዕግሥት ቅጥራኑ ተመቻችቶ እንዲቀመጥ ነው። እንግዳ ተቀባይነት ይሏል እንዲህ ነው።

ልብም ስፖርት ትሠራለች። ባለቤቷ ተጋድሞ ሳለ በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ምት ጨምራ ትጋልባለች፤ ብድግ ሲል ደግሞ የደም ግፊቱ ይወርድና ዓይኑ ይጨልምበታል። የዓይን መቅላቱን እንለፈው፤ «እንቅልፍ አጥቼ ነው» የምትል ማብራሪያ ተዘጋጅታለች።

ከሁሉ የሚደንቀው ፍልስፍናው ነው። አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ ቲኤችሲ በሚጣበቅባቸው ተቀባዮች የታጨቀ ነው። ስለዚህ ፈላስፋችን «የሕይወት ምሥጢር ማለት እኮ…» ብሎ ይጀምርና ጣቱን እንደቀሰረ ይቀራል። «ምን እያልኩ ነበር?» ዓለም ስንት ምሥጢር አመለጣት!

ጭስ የማይስማማቸው ጤና ጠባቂዎችም አሉ፤ እነሱ በብስኩት ይበሉታል። 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ ያለባትን ገምጦ 20 ደቂቃ ይጠብቅና «ተሸውደናል!» ብሎ ሁለተኛዋን ይደግማል። በሆድ የሄደ እስኪሰማ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ጉበትም ይበልጥ ወደሚያጦዝ ነገር ይለውጠዋል። ሁለቱ ብስኩቶች ተጠራርተው አንድ ላይ ይደርሳሉ። ጀግናችን ደረቱን ጨብጦ «ሞቻለሁ» እያለ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ሲሞት ያመሻል።

ትልቁ ማዕረግ ግን በየቀኑ ለዓመታት ላጨሰ የተጠበቀ ነው። ሐኪሞች ካናቢኖይድ ሃይፐረሜሲስ ይሉታል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስታውከዋል፤ የተለመደው ማስታወክ ማስቆሚያ መድኃኒት ብዙም አይረዳውም። ፋታ የሚሰጠው ሙቅ ውሃ ነውና ቆዳው እስኪጨማደድ ሻወር ሥር ተቀምጦ ይውላል። ወጥቶስ? ካናቢስ ማቅለሽለሽ ያቆማል ሲባል ሰምቷልና አንድ ይለኩሳል።

መዳኛው ማቆም ብቻ ነው ቢሉት ሳቀ። «ሱስ የለውም እኮ፤ ባሻኝ ቀን አቆማለሁ!» አለ፤ አቆመም። በ3ኛው ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ የግድግዳውን ሰዓት «ቀስ ብለህ ቁጠር!» እያለ ሲቆጣው ተሰማ።