ከማሽኑ በፊት ሰው

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትፈልግ ኖራለች። ጠበል ተጠመቀች፣ ለቁስቋም ማርያም ጃንጥላ ተሳለች፣ አልትራሳውንድ ስንት ጊዜ እንደታየች ራሷም አታውቀው፤ የማህፀን ቱቦዋ ሳይቀር በራጅ ታይቷል። ባሏ በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ላቦራቶሪ አልገባም። «እኔ ምን ሆኜ?» ነበር መልሱ። ዘንድሮ ሽማግሌ ገብቶ፣ እንደምንም ተለምኖ ሲመረመር የዘር ፍሬው (የስፐርሙ) ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ያወጋሁት ወዳጅ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ጎንደርም አይቪኤፍ ይግባላት እንጂ!» የሴቷን እንቁላልና የወንዱን ዘር ከሰውነት ውጭ አዋሕዶ ወደ ማህፀን የሚመልሰውን ሕክምና ማለታቸው ነው። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ተራ መጠበቅ ለስንቱ ይቻለዋል? ማዕከሉን አልጠላም። ግን ነገሩን ከጭራው የያዝነው ይመስለኛል። ማሽኑን ያመጣው ሰው ነው፤ ያውም አንድ ጥያቄ ይዞ ዕድሜውን የገፋ ሰው።

ሮበርት ኤድዋርድስን ማለቴ ነው። እንግሊዛዊ ባዮሎጂስት እንጂ ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ውስጥ ሥራው አይጥ ነበር፤ የአይጥ እንቁላል የሚለቀቀው ሌሊት ስለሆነ እሱም ሌሊት ላቦራቶሪ ይገባ ነበር። ቀጥሎ የሰውን ያዘ። ቀድሞ የታተመው ጥናት የሴት እንቁላል ከሰውነት ውጭ በ12 ሰዓት ይበስላል ይል ነበር። ኤድዋርድስ 12 ሰዓት ጠብቆ ያያል፤ ምንም የለም። ደግሞ ያያል፤ አሁንም የለም። እንቁላሉ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው የሚለቀመው። ኋላ የተጻፈውን ትቶ ሰዓቱን ያስረዝም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1965 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያሳትም መልሱ 36 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሆኖ ወጣ። ዛሬ በአይቪኤፍ ሕክምና ሴቲቱ የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋች በኋላ እንቁላሉ የሚወሰደው በ36 ሰዓት ገደማ ነው።

የቀረውን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከመጨረሻው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተወለደችው ከመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ከሉዊዝ ብራውን። መካከሉን ግን ልብ በሉልኝ። ከሐኪሙ ከፓትሪክ ስቴፕቶና ከነርሷ ከጂን ፐርዲ ጋር በእንግሊዟ ኦልድሃም ከተማ በሠሩባቸው ዓመታት 282 ሴቶች ታክመው የተወለዱት ሕፃናት ሁለት ናቸው። ሁለት! የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ገንዘብ ከልክሏቸዋል። ለኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመጣ ስቴፕቶም ፐርዲም ሞተዋል። (የፐርዲ ስም ሲዘለል ሁሌም ያናድደኛል። ያን ሁሉ ዓመት ኤድዋርድስ ይሠራበት ከነበረው ከካምብሪጅ ኦልድሃም ስትመላለስ ኖራ!)

ወደ ጎንደር ልመለስ። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር ዓላማው ሕዝቡ ያለበት ድረስ መውረድ ነበር። የመሃንነትን ነገር እዚህ አገር ያለ ተመራማሪ ካልጠየቀው ካምብሪጅ አይጠይቅልንም። የእኛ ወንድ ሰሊጥ ሲደርስ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ሐሩሩ አለ፣ ወባው አለ፣ የሚረጨው ፀረ ተባይ አለ። ከፍተኛ ትኩሳት የዘር ፍሬን እንደሚቀንስ ይታወቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ዲቢሲፒ የተባለ የትል ማጥፊያ የሚያመርቱ ሠራተኞች «እኛ ለምን አንወልድም?» ብለው እርስ በርስ ሲጠያየቁ ነው መድኃኒቱ እንዳመከናቸው የተደረሰበት። የመተማው ሠራተኛ ምን ያህሉን ያጣል? በስንት ጊዜስ ይመለስለታል?

ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም። ማይክሮስኮፕ፣ የመቁጠሪያ መስታወት፣ ናሙናውን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን፣ ከዚያ ደግሞ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ከጥያቄው የማይነቃነቅ ሰው። የጎደለን እሱ ነው። ልጆቻችን ለማስተርሱ መጠይቅ በትነው፣ አንድ ጽሑፍ አሳትመው፣ በማግስቱ ሌላ ርዕስ ይይዛሉ። አልፈርድባቸውም፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ለሚቆይ ደመወዝ የሚከፍል ማን አለና?

«38 ዓመት የሞላት ሴት ያንተን ተመራማሪ ስትጠብቅ ታርጅ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዕድሜ አይጠብቅም። ለእሷ ግን ሃያ ዓመት የማይፈልግ ነገር አለ፦ ባልና ሚስት በመጡበት በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም መመርመር። ጎረቤቴ ስድስት ዓመት ያጣችው በማሽን እጦት አይደለም።

ባልየውን ቡና ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት። ከምርመራው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መተማ ወባ ጥሎት ነበር። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ድጋሚ ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ተቀጥሯል፤ «ለምን ሦስት ወር?» ሲለኝ፣ አዲስ የዘር ፍሬ ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል እንደሚፈጅ ነገርኩት። ዝም አለና፣ ስኒውን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ዘንድሮ መተማ አልወርድም» አለ።